ስለ ሥራ ምስክር ወረቀትና ስለ ደጅ ጥናት

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። የአንዲት ገጽ ወረቀት ነገር ነውና። በዚያች ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ከአምስት ወይም ከስድስት መሥመር አይበልጥም፤ ይኸውም የሠራተኛው ስም፣ ይሠራው የነበረው የሥራ ዓይነት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ሠራ፣ የወር ደመወዙ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ከግርጌም ፊርማና ማኅተም ነው። ይህን ጽፎ ለማስፈረም ለአንድ ጸሐፊ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ዳሩ ግን ይህችኑ ወረቀት ለማግኘት ከቀድሞ አሠሪያቸው ደጅ ወራት የተመላለሱ፣ ተመላልሰውም ባዶ እጃቸውን የቀሩ ጓደኞች በመካከላችን አሉ። ጉዳዩን ከዚህ መድረክ ላይ ያነሣነው ስለዚህ ነው።

ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚህ ግቢ የመጣን አይደለንም። አንዳንዶቻችን ወላጆቻችንን ለመርዳት ስንል አንድ ሁለት ዓመት ሥራ ይዘን ቆይተናል። ሌሎቻችን ማታ እየተማርን ቀን በሱቅ፣ በጋራዥ፣ በሆቴል፣ በመድኃኒት ቤትና በሒሳብ ክፍል እንውላለን። ክረምት ሲገባ ለሁለት ወር የሚቀጠርም አለ። ታዲያ ዲግሪያችንን ይዘን ስንወጣ በየግድግዳውና በየጋዜጣው የሚለጠፈው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚጠይቀን ዲግሪውን ብቻ አይደለም። «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላል። ዝቅ ብሎም «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» የሚል መሥመር ይጨምራል። እንግዲህ የሠራነው ሥራ እንዳልተሠራ ሆኖ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ የለማ!

አንድ ምሳሌ እናንሣ። ከመካከላችን አንዱ በአንድ የንግድ ድርጅት በረዳት ሒሳብ ያዥነት ሁለት ዓመት ሠርቷል። ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ከወር በፊት በጽሑፍ አስታውቆ፣ የያዘውን መዝገብና ቁልፍ በርክክብ አስረክቦ ነው የወጣው። ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሥራ ሊወዳደር የምስክር ወረቀቱን ሲጠይቅ በመጀመሪያ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። በሁለተኛው ጊዜ «ማኅተም የሚይዘው ሰው ዕረፍት ወጥቷል» ተባለ። በሦስተኛው ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ተገኙና «ጥለኸን ሄደህ ደግሞ ወረቀት ትጠይቃለህን?» ብለው አሰናበቱት። በዚህ መካከል የምዝገባው ቀን አለፈ። ጓደኛችን ሥራውን ያውቀው ነበር፤ ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ግን አልታደለም።

ስለዚህ ነገር ባሰብን ቁጥር አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልናል። በአገራችን «የሥራ ልምድ ደብዳቤ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ወረቀቶች በእውነቱ ሁለት ናቸው። አንደኛው የሥራ ምስክር ወረቀት ነው። ይህ ምን እንደ ሠራን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሠራንና ምን ያህል እንደ ተከፈለን ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ይህ ደግሞ ትጉህ ነበርን ወይስ ሰነፍ፣ ታማኝ ነበርን ወይስ ቀጣፊ የሚለውን ይመሰክራል። የመጀመሪያው አሠሪው ለሠራተኛው ያለበት ዕዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። እኛ ግን ሁለቱን እያደባለቅን ዕዳውን እንደ ምጽዋት እንለምናለን። አሠሪውም እንደ ለማኝ ሲያየን «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ይመልሰናል።

ይህን ልዩነት የፈጠርነው እኛ አይደለንም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 የአሠሪን ግዴታዎች ሲዘረዝር፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ በማናቸውም ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም እንደዚሁ ያዝዝ ነበር። «በጠየቀ በማናቸውም ጊዜ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። «ያለ ክፍያ» የሚለውንም ልብ በሉ። በአዋጁ ውስጥ «አሠሪው ከወደደው» የሚል ቃል የለም፤ «በሰላም ከተለያዩ» የሚልም የለም።

ኢትዮጵያ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅትም ሁለቱን ወረቀቶች ለይቷቸዋል። በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 119 ላይ ሠራተኛው ሲሰናበት የተቀጠረበትንና የለቀቀበትን ቀን፣ የሥራውንም ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት በጠየቀ ጊዜ እንዲሰጠው፣ በወረቀቱም ላይ እርሱን የሚጎዳ አንዳች ነገር እንዳይጻፍ አሳስቧል። በ1982 እ.ኤ.አ. በምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 ይህንኑ ሲያድስ፣ ስለ ጠባዩና ስለ ሥራ ችሎታው የሚሰጥ አስተያየት ሠራተኛው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ እንዲጻፍ፣ በዚያው ወረቀት ወይም በተለየ ወረቀት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። እንግዲህ ቀኑን መመስከር አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን ማመስገን ሌላ ነገር ነው።

አሠሪዎች ወረቀቱን የሚከለክሉት ለምንድን ነው? መድኃኒቱ እንደ በሽታው ስለሚለያይ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ እንዳየነው ምክንያቶቹ አራት ናቸው።

አንደኛው ቸልተኝነት ነው። ሰው ኃይል አስተዳደር የሚባል ክፍል የሌለው፣ ሁሉ ነገር በባለቤቱ ኪስ ያለ ድርጅት ብዙ ነው። እንዲህ ያለው አሠሪ ክፋት የለውም፤ ተጽፎ ከቀረበለት ይፈርማል።

ሁለተኛው ቂም ነው። «እኔ አሠልጥኜው ለሌላ ሄደ» የሚል ቅሬታ ነው። ይህ ቅሬታ አንዳንዴ እውነትነት አለው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት በሕግ ይገባዋል፤ ብዙዎች ግን አንድ ቀን ማለዳ ይቀራሉ። ነገር ግን ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። ሳያስጠነቅቅ የሄደ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሣ ይከፍላል፤ ካሣውም ከሠላሳ ቀን ደመወዝ አይበልጥም። አሠሪው ካሣውን ይጠይቅ እንጂ የሠራተኛውን ሁለት ዓመት ደብቆ መያዣ ማድረግ አልተፈቀደለትም።

ሦስተኛው ሠራተኛውን አስሮ ማስቀረት ነው። መልቀቂያ ከሌለ ሌላው ድርጅት አይቀጥርህም ብሎ በወረቀቱ ልጓም ያደርጋል።

አራተኛው ፍርሃት ነው፤ ይህን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። አንዳንዱ አሠሪ ለግብር ሰብሳቢው ያሳወቀው ደመወዝ ለሠራተኛው ከሚከፍለው ያነሰ ነው። ሌላው ደግሞ የሠራተኛውን ስም ከነጭራሹ አላስመዘገበም። ታዲያ እውነተኛውን ደመወዝና ዘመን በማኅተም አረጋግጦ ቢሰጥ በገዛ እጁ በራሱ ላይ መመስከሩ ነው። እንዲህ ያለውን አሠሪ ልመናም ቁጣም አያሸንፈውም።

እንግዲህ እንዴት እንጠይቅ? አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ስንጠይቅ በትሕትና እንጠይቅ፤ በቃል ብቻ ግን አንጠይቅ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውንም እነርሱው ናቸው ያስተማሩን።

በመጀመሪያ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ እንጻፍ። ቃሉ ረዥም መሆን የለበትም። «እኔ አመልካች በድርጅትዎ ውስጥ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ የሥራ መደብ፣ በወር ይህን ያህል ብር ደመወዝ እየተከፈለኝ መሥራቴ ይታወቃል። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት ይህንኑ የሚገልጽ የሥራ ምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ብንል ይበቃል። ያለፈውን ጠብ አናንሣ፤ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ካለ እርሱን በሌላ ደብዳቤ እንጠይቅ። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት ሰጥተን በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ እናስደርግ። መዝገብ ቤት ከሌለ ወይም አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ልከን ደረሰኙን እናስቀምጥ። «እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀረበልንም» የሚለው መልስ ያን ጊዜ በሩ ይዘጋበታል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን ራሳችን አርቅቀን አብረን እናቅርብ። ቸልተኛው አሠሪ የሚያጣው ጊዜ ነውና ፊርማና ማኅተም ብቻ እንዲቀረው እናድርግ።

ሦስተኛ፣ የያዝነውን የድርጅቱን ንብረት በርክክብ ቅጽ አስረክበን ቅጂውን እንያዝ። አዋጁ የሥራ ውል በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ደመወዝና ሌላም ቀሪ ክፍያ እንዲከፈል ሲያዝ፣ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ወይም ገንዘብ መመለስ ካዘገየ ጊዜው ሊራዘም እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ አንዲት ቁልፍ ወይም አንድ ደረሰኝ በእጃችን ቀርቶ ሰበብ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ።

አራተኛ፣ ምክንያታዊ ጊዜ፣ ለምሳሌ ሁለት ሳምንት ጠብቀን መልስ ካጣን፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን የሚጠቅስ ሁለተኛ ደብዳቤ እንጻፍ። ብዙ አሠሪ ሁለተኛውን ደብዳቤ ሲያይ ጉዳዩ ወዴት እንደሚሄድ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለስ? ያን ጊዜ ደጅ መጥናቱን ትተን ወደ ሕግ እንሂድ። የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሏቸው፤ አሠሪው አዋጁን ማክበሩን መመርመር ሥራቸው ነው። ከዚያም በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። አዋጁ ይህ ችሎት የሚያያቸውን የግል የሥራ ክርክሮች በስም ሲጠራ ከስንብት፣ ከደመወዝና ከዕረፍት ጋር የሥራ ምስክር ወረቀትንና መልቀቂያን የሚመለከተውንም ጠርቶታል። ሕግ አውጪው ይህን ጉዳይ ትንሽ ብሎ አልናቀውም ማለት ነው። ችሎቱ ክሱ በቀረበለት በስድሳ ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዟል፤ ሠራተኛውም የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ነገር ግን ቸል ማለት አይገባም። ለምሳሌ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ወረቀቱን በመጠበቅ ስንመላለስ ገንዘባችንም አብሮ እንዳይቀር ነው።

የዳኛው ፊት ከመድረሳችን በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገናል። በተለይ ያ የሚፈራው አሠሪ «ይህን ሰው አላውቀውም» ሊል ይችላልና። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ መክፈያ ቅጠል፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመታወቂያ ካርድ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ ሥራ ላይ ሳለን የፈረምንባቸው ሰነዶች ሁሉ ይቀመጡ። ከሁሉ ይልቅ ግን ጡረታውን እናስታውስ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. በቁጥር 715 ከወጣ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም.ም በአዋጅ ቁጥር 1268 ከተተካ በኋላ፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ሰባት በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው ደግሞ ዐሥራ አንድ በመቶ ጨምሮ ገቢ ያደርጋል። ስለዚህ በደንብ የተመዘገበ ሠራተኛ ስሙ በአሠሪው መሳቢያ ውስጥ ብቻ አይኖርም፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር መዝገብም ላይ አለ። አዲስ ሥራ የያዘ ጓደኛ ሁሉ በመጀመሪያው ወር «የጡረታ ቁጥሬ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ጥሩ መልስ ካገኘ ነገ ምስክር ይሆነዋል፤ መልስ ካጣም ከምን ዓይነት አሠሪ ጋር እንዳለ በጊዜ ያውቀዋል።

በዚህ አጋጣሚ ደስ የማይል ነገርም መናገር ግድ ይሆንብናል። ወረቀቱን ያጡ አንዳንድ ወጣቶች ማኅተም አስቀርጸው፣ ወይም ከዘመድ ድርጅት ያልሠሩትን ሥራ አስጽፈው ሲያቀርቡ ይታያል። «የሠራሁትን ከለከሉኝ፤ ምን ላድርግ?» ይላሉ። ብሶቱ ይገባናል። ሆኖም እውነተኛውን ሁለት ዓመት በሐሰተኛ ወረቀት ያስመሰከረ ሰው እውነቱንም አብሮ ያጠፋል። ሐሰተኛ ሰነድ በወንጀል የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲመረመር የዲግሪውንም ክብር ይዞ ይወድቃል። የከለከለን አሠሪ ያን ጊዜ «አላልኳችሁም?» ለማለት ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወረቀት፣ ወደ ድጋፍ ደብዳቤው እንመለስ። ይህን ማንንም ማስገደድ አንችልም፤ ተገድዶ የተጻፈ ምስጋናም ለአንባቢው ይታወቀዋል። ስለዚህ የተጣላንን ባለቤት ትተን ሥራችንን በዓይኑ ያየውን እንፈልግ። የክፍል ኃላፊ፣ ዋና ሒሳብ ያዥ፣ የመጋዘን ሹም፣ ከእኛ በፊት ድርጅቱን የለቀቀ አለቃ፣ እንዲሁም በየቀኑ የምናስተናግደው ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ማኅተም ባይኖረውም ስሙንና ፊርማውን ይሰጣል። ስንጠይቀውም «መልካም ነገር ጻፍልኝ» አንበለው፤ «ያየኸውን ጻፍልኝ» እንበለው። አዲሱ ቀጣሪ ስልክ ደውሎ ሊጠይቀው እንደሚችልም አስቀድመን እንንገረው። ከቀድሞው አሠሪ ጋር አለመስማማታችንን አዲሱ ቀጣሪ ከጠየቀን ሳንሳደብ፣ ሳንሸሽግ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር እናስረዳ። የገቢ ቁጥር ያለበት ማመልከቻችን በእጃችን ካለ ስለ እኛ ብዙ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ሁሉንም ያዳርሳል ብለን እንዳንታለል። የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ ሕግ ይተዳደራል። የሥራ መሪዎች ከዚህ አዋጅ ውጪ ናቸው። ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የሚሠሩ፣ ይኸውም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችንም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። በማታው ክፍል አጠገባችን ተቀምጠው ከሚማሩት መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። አምስት ዓመት ልጅ ያሳደገች፣ ቤት ያስተዳደረች እኅት አምስቱን ዓመት የሚናገርላት አንዲት መሥመር የላትም። ወረቀቱን ከሁሉ አብልጣ የምትፈልገው ሠራተኛ ወረቀቱን የመጠየቂያ መንገዷ ከሁሉ የጠበበ ነው። የሕግ ተማሪዎችና መምህራን ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ ይመስለናል።

በመጨረሻ ለኅብረቱ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ቀደም ሲል ቃሉን ያነበብነው የማመልከቻ ናሙና ተባዝቶ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ማንም ተማሪ መጥቶ ይውሰድ። ሁለተኛ፣ የሕግ ትምህርት ክፍል ባለበት ሁሉ የነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠት እየተለመደ ነውና፣ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጽፈው መልስ ያጡ ጓደኞች ወደዚያ የሚመሩበት መንገድ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችንን የምንለምነው ነገር አለ። ለምርምር ረዳትነት፣ ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ወይም ለላቦራቶሪ ተማሪ ስታሠሩ፣ ሥራው ባለቀ ቀን ቀኑንና የሥራውን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ሳይጠየቅ ይሰጥ። ከግቢያችን የጀመረ ልማድ ከግቢ ውጭም ይወጣል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዚህ ከተሰበሰብነው ብዙዎቻችን በሌላው ወገን እንቀመጣለን። ማኅተሙ በመሳቢያችን ይሆናል፤ ጸሐፊዋም «አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ደጅ ቆሟል» ትለናለች። የምንወደው ሠራተኛ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ሳያስጠነቅቅ ጥሎን የሄደ ነው። ድጋፉን ልንነፍገው እንችላለን። የሠራበትን ቀን ግን በዚያው ዕለት ጽፈን፣ ፈርመን እንስጠው።